124 ላይ የተቀመጠ ካርድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዝግጅት ክፍል። ከአሮጌ የመለኪያ መሣሪያ ያወጣሁትን የማሳያ ካርድ ራስበሪ ፓይ ከተባለው ትንሽ ኮምፒውተር የአይ-ቱ-ሲ ባስ (ብዙ መሣሪያዎች በየአድራሻቸው የሚጠሩበት የጋራ ማገናኛ) ጋር አገናኝቼ የሊነክስ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ልጽፍለት አስቤአለሁ። የካርዱ መግለጫ ወረቀት አድራሻው 124 ነው ቢልም፣ የትኞቹ አድራሻዎች መልስ እንደሚሰጡ የሚፈትሸው አይ-ቱ-ሲ-ዲቴክት የተባለው ፕሮግራም በሚያወጣው ሰንጠረዥ እዚያ ቦታ ምንም አይታይም። አድራሻውን ድራይቨሩ ውስጥ በቀጥታ ብጽፈው ይሠራልኝ ይሆን?

መልስ፦ አንድ መስመር ኮድ ከመጻፍዎ በፊት በ124 ግማሽ፣ ማለትም በ62 ቁጥር ላይ ይመልከቱ። የተለመደው የአይ-ቱ-ሲ አድራሻ 7 ቢት ነው፤ ሲላክ ግን ማንበብን ከመጻፍ የሚለይ አንድ ቢት ከኋላው ይጨመርና አንድ ባይት (8 ቢት) ይሞላል። አንዳንድ አምራቾች ይህንን ሙሉ ባይት አድራሻ ብለው ስለሚያትሙት ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ ሊነክስ የሚፈልገው ግን ያልታጠፈውን ነው። ኤስቲ7032 የተባለውን ተቆጣጣሪ የያዙ የፊደል ማሳያዎች የሚመልሱት በዚሁ በ62 ስለሆነ ጥርጣሬዬ ጠንካራ ነው። ሰንጠረዡ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት በሚቆጥር አጻጻፍ) ስለተጻፈ 62ን የሚያገኙት «3ኢ» ላይ ነው።

62 ላይም ዝም ካለ ካርዱ በእርግጥ 124 ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከባሱ ደንብ የወጣ ምርጫ ነው። ከ128ቱ አድራሻዎች የመጀመሪያዎቹ 8 እና የመጨረሻዎቹ 8 ለልዩ ተግባር የተያዙ ሲሆኑ፣ 124 በተለይ መሣሪያዎች የአምራቻቸውንና የራሳቸውን መለያ እንዲያሳውቁ የሚጠየቁበት ነው። ፕሮግራሙም ካልታዘዘ በቀር ከ119 በላይ ስለማይፈትሽ፣ ሁሉንም አድራሻ የሚያስፈትሸውን አማራጭ ጨምረው ያሂዱት። የሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) መሣሪያዎችን በራሱ ሲፈልግ የተያዙትን አድራሻዎች ይዘላል፤ እርስዎ በግልጽ ሲነግሩት ግን ከእነዚያ መካከል የሚከለክልዎት 0ን ብቻ ነው። ስለዚህ 124 ይሠራል፤ ሆኖም ካርዱን ከሌሎች መሣሪያዎች ለይተው ለብቻው ባስ ቢሰጡት እመርጣለሁ። የራስበሪ ፓይ መስመሮች የ3.3 ቮልት ስለሆኑ፣ አሮጌው ካርድ መስመሮቹን ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር እንደሌለው ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

አድራሻውን ድራይቨሩ ውስጥ እንዳይጽፉ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። አድራሻው የሚጻፈው የቦርዱን አሠራር በሚገልጸው የዲቫይስ ትሪ ፋይል ውስጥ ነው፤ ከርነሉ ከዚያ አንብቦ ለድራይቨሩ ያስረክበዋል፤ ነገ ካርዱ ቦታ ቢቀይር የሚታረመው አንድ ቁጥር ብቻ ይሆናል። የዩኤስቢና የፒሲአይ መሣሪያዎች ሲጠየቁ ማንነታቸውን ይናገራሉ፤ በአይ-ቱ-ሲ ግን አንድ አድራሻ መልስ ሰጠ ማለት የጠበቁት መሣሪያ እዚያ አለ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ቢኤምኢ280 እና ቢኤምፒ280 የተባሉት ሴንሰሮች ሁለቱም 118 ወይም 119 ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚለዩት ቁጥር 208 የሆነው ሬጅስተር (በሴንሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የመረጃ ማስቀመጫ) ሲነበብ የመጀመሪያው 96፣ እርጥበት የማይለካው ሁለተኛው ደግሞ 88 ስለሚመልሱ ነው። የእርስዎ ካርድ እንዲህ ያለ መለያ ካለው ድራይቨሩ ገና ሲነሳ ያንብበው፤ ካልተመሳሰለም ሥራውን ሳይጀምር ስሕተት መልሶ ይውጣ።

ወደ ከርነሉ ከመግባትዎ በፊት ግን ትእዛዞቹን ከተራ የፓይተን ፕሮግራም እየላኩ ይሞክሩ። በዚያ ደረጃ የሚፈጠር ስሕተት ፕሮግራሙን ብቻ ያቆማል፤ በከርነል ውስጥ የተፈጠረ ግን መላውን ኮምፒውተር ሊያቆም ይችላል። ማሳያው ላይ ፊደል መታየት ሲጀምር የትእዛዞቹን ቅደም ተከተልና በመካከላቸው የሚያስፈልገውን የመቆያ ጊዜ መዝግበው ወደ ድራይቨሩ ያሸጋግሩ።