ናፍጣ ሞተር እያለው ኤሌክትሪኩ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ፦ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። የአውስትራሊያን የብረት ማዕድን ባቡሮች በቪዲዮ አየሁ። ጎታቹን «ናፍጣ ኤሌክትሪክ» ይሉታል። ናፍጣ ሞተር ካለው ለምን እንደኛ መኪና በካምቢዮ አይሠራም? ያን ሁሉ ፉርጎ ሲያስነሳስ ፍሪሲዮኑ አይቃጠልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍሪሲዮንም ካምቢዮም የለውም። ምክንያቱን አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ናፍጣ ሞተር ካልዞረ ጉልበት የለውም፤ ለዚህ ነው ዳገት ላይ ስትነሳ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ የምትለቀው። ለመኪና ይሄ ይበቃል። በሺህ የሚቆጠር ቶን ሲሆን ግን የትኛውም ፍሪሲዮን አይችለውም፣ ወዲያው ነው የሚነደው።

ስለዚህ ናፍጣው ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። ጄኔሬተር ነው የሚያዞረው፤ ኤሌክትሪኩ በኬብል ወርዶ አክሰሎቹ ላይ ወደተገጠሙት ሞተሮች ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፣ ገና ከቆመበት ሲነሳ ነው ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው። በጣም ደስ የሚለኝም ይሄ ነው።

ጉልበት ብቻውን ግን አይበቃም። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፣ ጎማው ሀዲዱን የሚነካው ደግሞ የሳንቲም ስፋት በምታክል ቦታ ነው። ለዚህ ጎታቹን ሆን ብለው ከባድ አድርገው ይሠሩታል። መንሸራተት ሲጀምር ደግሞ ከጎማው ፊት አሸዋ ይረጫል። አዎ፣ ተራ አሸዋ!

እ.ኤ.አ. በ2001 ቢኤችፒ የተባለው ኩባንያ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ፣ 682 ፉርጎ የቀጠለ ባቡር እስከ ፖርት ሄድላንድ ወደብ ነዳ። ርዝመቱ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፣ ማዕድኑ ብቻ ከ82 ሺህ ቶን በላይ። የጎተቱት ስምንት ጎታቾች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 6000 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ሁሉም ፊት ላይ ቢደረደሩ የፉርጎዎቹ ማያያዣ ይበጠስ ነበር። ስለዚህ በባቡሩ ርዝመት ከፋፈሏቸው፣ ከፊት ያለው አንድ ነጂ ሌሎቹን በሬዲዮ አዘዛቸው።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው የጎማ ሞተር ጄኔሬተር ይሆንና ባቡሩን ይይዛል፤ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ተለውጦ በማራገቢያ ይወጣል። የፍሬኑ ሸራ ያን ያህል አይግልም ማለት ነው።

አንተ መስመር ላይ የምታየው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ኤሌክትሪኩን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ስለሚወስድ ናፍጣ ሞተር አይሸከምም። ጎማውን የሚያዞረው ግን እዚያም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።