ፖዝ ወይስ ድንገተኛ? የሰርግ ፎቶ አነሳስና ኤዲት

ጥያቄ፦ ሰርጌ በመጪው ጥር እዚሁ ጅማ ነው። እጮኛዬ ፎቶ አንሺው «ዙሩ፣ ፈገግ በሉ» ሳይል፣ ሰው ሳያውቅ የሚሆነውን ብቻ እንዲያነሳ ይፈልጋል። እናቴ ደግሞ ቤተ ዘመዱ ተሰልፎ ካልተነሳ ሰርግ ተሰረገ አትልም። የማንን ልስማ?
ሙሽሪት፣ ከጅማ

መልስ፦ በቅድሚያ እናትዎን አያሳዝኑ። ከአጋሮና ከሊሙ፣ ከአዲስ አበባም የሚመጡት ዘመዶች ሁሉ በአንድ ቦታ ዳግመኛ ላይገናኙ ይችላሉ፤ ድንገተኛ ፎቶ ብቻ የተነሳበት ሰርግ አልበም ሲገለጥ ደግሞ አንድ አያት ወይም አንድ አጎት ጨርሶ ሳይኖሩበት ይገኛሉ። የሚነሱትን ሰዎች ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ዘመዱን በስም ለሚያውቅ ሚዜ ይስጡ፤ ፎቶ አንሺው የማያውቀውን ሰው ከድንኳን ውስጥ ፈልጎ ሊያወጣ አይችልምና። እንዲህ ከተዘጋጀ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ለሁለታችሁ ፖዝ ፎቶ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይምረጡ። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ የዓይንን ጉድጓድ ታጠቁራለች፤ ወደ ማታ ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ይለሰልሳልም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ይኖሩበት ወደነበረው የጅሬን ቤተ መንግሥት መውጣት ካሰባችሁ፣ ፈቃዱንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከእንጨት ሰገነቱ ጥላ ሥር ቆሞ ፊትን ወደ ክፍቱ ሰማይ ማዞር ለፊት እጅግ የሚስማማ ብርሃን ይሰጣል።

የቀረውን ቀን ሙሉ ግን ለእጮኛዎ ሐሳብ ይተዉት። ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን አንድ ሽማግሌ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ብርሃኑ ስላልተመቸኝ አስቁሜ፣ ወደ እኔ ዞረው ምርቃቱን እንዲደግሙት ለመንኳቸው። እርሳቸውም ደገሙት፤ ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ጊዜ እንባ ያቀረረው የሙሽሪት አባት ዓይን በሁለተኛው ደርቆ ነበር፣ አልበሙም ውስጥ የገባው ያ ደረቁ ሆነ። ምርቃትና ጉልበት መሳም፣ ከቤት ስትወጡ የሚሆነው ሽኝትም አይደገሙም፤ ስለዚህ «እዚህ ላይ ማንንም አታስቁም» ብላችሁ በውሉ ላይ አስጽፉ።

እንዲህ ያለው አነሳስ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1925 ለሕዝብ የቀረበችውን ላይካን የመሰሉ በእጅ የሚያዙ ትናንሽ ካሜራዎች ከመጡ ወዲህ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ሦስት ረዳትና ትልልቅ መብራት ይዞ የሚገባ ሰው ድንገተኛ ፎቶ ሊያነሳ አይችልም። ፎቶ አንሺው ማልዶ መጥቶ ቡና በሚፈላበት ቤት ይቀመጥ፤ ሰው ካሜራውን የሚረሳው እንዲያ ሲለምደው ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፦ በከተማችን ሰርግ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት አብሮ ስለሚታደም፣ ሴቶች ለብቻቸው በተቀመጡበት ክፍል ሂጃቧን ያወለቀች እንግዳ ሳታውቅ መነሳት የለባትም። ለዚያ ክፍል ሴት ፎቶ አንሺ ይፈልጉ፤ እርሷም ብትሆን ፈቃድ ጠይቃ ታንሳ።

ጥያቄ፦ ከተጋባን አራት ወራችን ነው። አልበሙ ሲመጣ ፊቴ ነጥቶ፣ የግንባሬ ጠባሳ ጠፍቶ፣ ቆዳዬም እንደ ላስቲክ ልሞ አገኘሁት። ያሳደገችኝ አክስቴ «ይህቺ ማን ናት?» አለችኝ። ሊስተካከል ይችላል?
ከጅማ

መልስ፦ አክስትዎ ትክክል ናቸው። በሰርግ ዋዜማ የወጣች ብጉር ብትጠፋ አይከፋኝም፤ ዕድሜ ልክ አብሮ የኖረ ጠባሳንና የቆዳ ቀለምን ባለቤቷ ሳትጠየቅ መለወጥ ግን ማስዋብ አይደለም።

የፊትዎ መንጣት ከቬሎው ሊጀምር ይችላል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ሰፊ ነጭ ልብስ ሲያይ ቦታው ከልክ በላይ የበራ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ይበልጥ ይጠቁራል። ኤዲት የሚያደርገው ሰው ፊቱን አጉልቶ ለማውጣት ሲል ያነጣዋል፣ በዚህ ጊዜ የሚወጣውን ሽርክት (የተበታተነ ነጠብጣብ) ለመሸፈንም ቆዳውን ያለሰልሰዋል። የፎቶ ሙያ ራሱ ለእኛ መልክ ሳይጨነቅ የቆየ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ያከፋፍለው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል ነበር። ጠይም ፊት ትክክል የሚሆነው ሲነሳ ለፊቱ በቂ ብርሃን ሲሰጠው ነው፤ ቀለሙን በኋላ በማንጣት አይደለም።

አሁን ወደ ፎቶ አንሺው ሳይዘገዩ ሄደው ያልተነካው ዋና ፋይል መኖሩን ይጠይቁ፤ ሜሞሪው ለቀጣዩ ሰርግ ሲባል ሊጠፋ ይችላልና። ፋይሉ ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ከሆነ ብዙ ተስፋ አለ፦ የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ይይዛል፤ ስለዚህ የፊትዎን ቀለም ሳይበላሽ መመለስ ይቻላል። የተረፈው የለሰለሰው ጄፔግ ብቻ ከሆነ ግን ጠባሳዎና የቆዳዎ መልክ ከዚያ ፋይል አይመለሱም። ዋናው ከተገኘ ኤዲት ከሚያደርገው ሰው አጠገብ አክስትዎን ይዘው ይቀመጡና አንድ ፎቶ ብቻ አስተካክለው በወረቀት ያሳትሙ፤ የኮምፒውተር ስክሪን እንደ ድምቀቱ ቀለም ያሳስታልና፣ የቀሩት የሚቀጥሉት በታተመው ላይ ፊትዎን ሲያገኙት ነው።