በረሃ በአርቪ ልናቋርጥ ነው፤ ምን ትመክረናለህ?

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ሆነዋል። ከላስ ቬጋስ፣ ከሎስ አንጀለስና ከፊኒክስ የሚጽፉልኝ ቤተሰቦች አርቪ፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው የመኪና ቤት፣ ተከራይተው ወይም ገዝተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው በረሃውን ሊያቋርጡ ነው። ደስ ይለኛል። ስጋትም አለኝ። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሙቀቱ ግን መኪናችሁ ላይ እንደምታዩት በፋራናይት ነው።

“ጁላይ ላይ ልጆቼን ዴዝ ቫሊ ወስጄ ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ያስኬዳል?” — የሦስት ልጆች እናት፣ ላስ ቬጋስ

እህቴ፣ ውሰጂያቸው፤ ግን እዚያ አትደሩ። በዓለም የተመዘገበው ከፍተኛ የአየር ሙቀት፣ 134 ዲግሪ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 የተለካው እዚያው ፓርክ ውስጥ፣ ፈርነስ ክሪክ ላይ ነው። ያ ድሮ ነው እንዳትዪ። በጁላይ 2024 ቀኑም ሌሊቱም ተደምሮ የወሩ አማካይ 108.5 ነበር። ሌሊቱም አያሳርፍም ማለት ነው። ኤሲው ሲያጓራ ያድራል፤ አንቺም እንዳይቆም ስትሰጊ ታድሪያለሽ።

እኔ ብሆን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ከላስ ቬጋስ እነሳለሁ። ልጆቹ ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ይተኛሉ። ፀሐይ ስትወጣ ዛብሪስኪ ፖይንት ላይ ናችሁ። ቀጥሎ ባድዋተር፣ ከባሕር ጠለል 282 ጫማ በታች። እዚያ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማችሁ ወደ ገደሉ ቀና በሉ። “የባሕር ጠለል” የሚል ጽሑፍ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት። ባሕሩ ቢኖር ኖሮ እስከዚያ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደነበሩ ሲገባቸው ፊታቸውን እዪ።

ፓርኩ በሰመር ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ቆላው ላይ በእግር እንዳይኬድ ይመክራል። ስለዚህ በ4 ሰዓት ወደ መውጫው ጉዞ ጀምሩ። ሙቀቱ ሲበዛ አየሩ ስለሚሳሳ የሕክምና ሄሊኮፕተር መብረር ያቅተዋል። በጁላይ 2024 ሙቀቱ 128 በደረሰበት ቀን ለተጎዱ ሞተረኞች ሄሊኮፕተር ሊደርስላቸው አልቻለም። አርቪው የኪራይ ከሆነ ደግሞ ውሉን አንብቢ። በሰመር ዴዝ ቫሊ መግባትን የሚከለክሉ አከራዮች አሉ።

ለማደር ወደ ማውንት ቻርልስተን ውጡ። ከላስ ቬጋስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከፍታው ከ7,000 ጫማ በላይ ስለሆነ ከከተማው 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይቀዘቅዛል። ቦታ ግን አስቀድመሽ ያዢ።

“ውጪ 112 ሲሆን ውስጡ ከ88 አልወርድ አለ። ኤሲው ተበላሽቶ ነው?” — አባት፣ ፊኒክስ

ላይሆን ይችላል። አንድ ቴርሞሜትር ያዝ። መጀመሪያ አየር በሚስብበት በኩል፣ ቀጥሎ በሚተፋበት በኩል ለካ። ልዩነቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ችግሩ ቤቱ ነው። ግድግዳው ስስ፣ መስኮቱ ብዙ፣ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ። አንዴ ከጋለ በኋላ ማቀዝቀዝ አበሳ ነው። ስለዚህ ጠዋት ገና ሳይሞቅ አብራው። የጣሪያ መስኮቶቹን በትራስ ድፈናቸው። የፊት መስታወቱን በሚያብረቀርቀው መሸፈኛ ሸፍነው። ማጣሪያውን እጠብ። ምግብ ውጪ አብስሉ።

የቆማችሁበት ቦታ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 30 አምፔር ከሆነ ደግሞ ኤሲው ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ማይክሮዌቭና የውሃ ማሞቂያ ስትጨምርበት ብሬከሩ ይወድቃል። ጎረቤቱ ሁሉ ኤሲ በሚያበራበት ከሰዓት በኋላ ቮልቴጁን ተከታተል። ከ105 በታች ከወረደ ኤሲውን አጥፋው፤ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል።

ጄነሬተር አስነስታችሁ የምትተኙ ከሆነ፣ እባክህ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው መሥራቱን ቁልፉን ተጭነህ አረጋግጥ። ጋዙ ሽታ የለውም። የተኛ ሰው አይነቃም።

“ተጎታች አርቪ አለኝ። የጎማዎቹ ጥርስ ገና አላለቀም። በሙቀት እንዳይፈነዱ ትንሽ አየር ላስተንፍሳቸው?” — ጡረተኛ፣ ሎስ አንጀለስ

አባባ፣ በፍጹም አያስተንፍሱ። ጎማ የሚገድለው አየር ሲያንሰው ነው። ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይሄዳል፤ ያ መተጣጠፍ ራሱ ያግለዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ 2 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ይሄ የታወቀና ጎማው ሲሠራም የታሰበበት ነው። እርስዎ የሚለኩት ሌሊት ያደረ ቀዝቃዛ ጎማ ነው፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ፀሐይ ሳያርፍበት።

ከጥርሱ ይልቅ ዕድሜውን ይዩ። ጎኑ ላይ “DOT” (ዲኦቲ) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2318 ካለ የተሠራው በ2018፣ በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በገዛ ጎማዬ ነው። በሎስ አንጀለስና በላስ ቬጋስ መሃል ካለችው ከቤከር ወጣ ብዬ ስነዳ ከኋላ “ድው!” አለ። በመስታወት ሳይ ጥቁር ቁርጥራጭ ከኋላዬ ይበራል። ወርጄ ሳየው የጎማው የብረት ክሮች እንደ ጥፍር ወጥተው የተጎታቹን ክንፍ ቀደውታል። ብሎኑን ልይዝ ብል እጄን አቃጠለኝ። የልጄን ካልሲ አጥልቄ ነው የፈታሁት። ጥርሱ ሙሉ ነበር። ዕድሜው 8 ዓመት። ባለቤቴና ልጆቹ ከመንገዱ ራቅ ብለው ጃንጥላ ሥር ቆመው የጠበቁኝን 40 ደቂቃ እስካሁን አልረሳውም።

ብዙ የተጎታች ጎማዎች የተሠሩት በሰዓት ለ65 ማይል ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥማ ተጎታች ለያዘ መኪና ሕጉ ራሱ 55 ነው። ጎማ ከፈነዳብዎ ፍሬን አይርገጡ። መሪውን ጠበቅ አድርገው ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁት።

“ዳገት ላይ የሞተሩ ሙቀት ሽቅብ ይወጣል። ምን ላድርግ?” — ሎስ አንጀለስ

ከቤከር ወደ ላስ ቬጋስ ስትወጡ መንገዱ ከ1,000 ጫማ በታች ተነስቶ ማውንቴን ፓስ ላይ ከ4,700 ያልፋል። ረጅም ዳገት ላይ “ኤሲ አጥፉ” የሚል ምልክት ስታይ የምር ነው፤ አጥፋ። ማርሽ ቀንስ። መርፌው አሁንም ከወጣ መስኮት ከፍተህ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው አብራ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፤ ግን ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልሆነ ዳር ያዝና አቁም። የራዲያተሩን ክዳን በሙቁ አትክፈት። ፊትህን ነው የሚያቃጥለው።

“ፍሪጃችን በረሃ ላይ ሲደርስ ማቀዝቀዝ ያቆማል።” — ላስ ቬጋስ

በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ጠባዩ ነው። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት አብሩት። የሚገባው ምግብ ቀድሞ የቀዘቀዘ ይሁን። መኪናው ለጥ ያለ ቦታ ይቁም፤ የፍሪጁ ጀርባ ያለበት ጎን ደግሞ ወደ ጥላ ይዙር። ሥጋና ወተት ግን በረዶ በሞላ ኩለር ይሂዱ።

“እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ‘ሽንት ቤት አቁሙልኝ’ ላለማለት ብላ ውሃ አትጠጣም።” — ልጃቸው፣ ፊኒክስ

ይህን ጥያቄ ሳነብ እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እማማን መጀመሪያ አርቪው ውስጥ ያለውን መጸዳጃ አሳያቸው። ውሃው እንዴት እንደሚለቀቅ ራሳቸው ይሞክሩት። “ይኼው ለርስዎ ነው የተከራየነው” በላቸው። ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል።

በረሃ ላይ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 1 ጋሎን፣ ወደ 4 ሊትር ያዝ። በዚያ ላይ ለመጠባበቂያ ጨምር። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እስኪጠሙ አትጠብቅ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ስጣቸው። ጨው ያለበት መክሰስም አብሮ ይሁን። የደም ግፊት ወይም ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ውሃና ጨውን በተመለከተ ሐኪማቸውን ቀድመህ ጠይቅ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር ጡንቻ መኮማተር ካየህ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ቦታ። ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ሰው ከረሱ፣ ሰውነታቸው እሳት ከሆነ ግን ያ የሙቀት ምት ነው። ቢያልባቸውም አትዘናጋ። 911 ደውል። እስኪመጡ ልብሳቸውን አውልቅ፣ ውሃ አፍስስባቸው፣ አራግብላቸው፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ አንገታቸው፣ ብብታቸውና ጭናቸው መሃል አድርግ። ራሳቸውን ካላወቁ በአፍ ምንም አትስጥ።

“አሪዞና ውስጥ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ይመጣል ይላሉ። እውነት ነው?” — ሎስ አንጀለስ

እውነት ነው። የዝናቡ ወቅት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ይወርዳል፣ ደረቁ መሬት አይመጠውም፣ ውሃው እናንተ ጋ ይደርሳል። 12 ኢንች ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 2 ጫማ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። አርቪ ትልቅ ነው ብለህ አትተማመን። የተዘጋ መንገድ አልፈህ ጎርፍ ውስጥ ከገባህ ደግሞ በአሪዞና ሕግ የማዳኑን ወጪ ልትከፍል ትችላለህ። ደረቅ ወንዝ ውስጥም አታቁም፣ ጥላው ቢያምርም።

የአቧራ ማዕበል ከመጣ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጣ፣ መብራትህን ሁሉ አጥፋ፣ እግርህን ከፍሬን አንሳ። ከኋላ የሚመጣው ሰው መብራትህን ተከትሎ ነው የሚገጭህ።

“ባለቤቴ የጀመረውን ጉዞ ማቋረጥ አይሆንለትም። መንገድ ላይ ኤሲው ቢቆም ማን ይወስን?” — ላስ ቬጋስ

መንገድ ላይ ማንም አይወስን። ያኔ ልጅ እያለቀሰ፣ የተከፈለው ብር እያሳዘነ፣ “ትንሽ ነው የቀረን” እየተባለ ነው የምትነጋገሩት። ከመነሳታችሁ በፊት ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። ኤሲው ከቆመና በ20 ደቂቃ ካልተነሳ እንመለሳለን። ውሃው ከግማሽ በታች ከሆነ እንመለሳለን። ከልጆቹ አንዱ ካስመለሰ እንመለሳለን። ባለቤትሽ ራሱ በእጁ ይጻፈው። መሪው አጠገብ ለጥፉት።