ያረጀ ድምፅ፣ ያላረጀ ዘፈን፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጽሑፌ ከጓደኞቼ ጋር የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ኮንሰርት እንዴት እንዳየን ነግሬያችሁ ነበር። አሜሪካዊ የሮክ ዘፋኝ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቀልን። ፕሮጀክተርና ሞንታርቦ ተከራየን። ቪዲዮው በፍላሽ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት አብረነው ዘፈንን።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ደስ ያለው ጻፈ፣ የተናደደም ጻፈ። ዛሬ ከመልእክቶቹ የተወሰኑትን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

ሰውየው ግን ዕድሜው ስንት ነው? (አራት ሰው ጠይቋል)

የተወለደው መስከረም 13 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። ቀሪውን አስሉት።

አንድ የፖሊ ተማሪ፦ የድሮ አልበሙን ሰምቼ የአሁኑን ሳየው አዘንኩ ይላል። ድምፁ አልቋል፣ ሰባ ያለፈው ሰው ለምን አያርፍም፣ እናንተስ ምን አይታችሁ ነው የምትጮሁት?

ወንድሜ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። ድምፅ ያረጃል። የድምፅ አውታሮች በዕድሜ ይሳሳሉ። ደረትም እንደ ወጣትነት ዘመን አየር አይዝም። በአንድ ትንፋሽ ያልቅ የነበረው ስንኝ ሁለት ትንፋሽ ይፈልጋል። ብዙ አንጋፋ ዘፋኞች የድሮ ዘፈናቸውን ከመጀመሪያው ዝቅ አድርገው የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ከአልበሙ ጋር ማወዳደሩ ላይ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1975 ስሙን ያስጠራውን አልበም ሲያወጣ 25 ዓመቱ ነበር። ከትንሽ ከተማ አምልጦ ስለመሄድ የሚዘፍን ልጅ ነው። መንገዱ ሁሉ ገና ፊቱ ነው። ዛሬ ያንኑ ዘፈን ሲዘፍን ማን እንዳመለጠ፣ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ ያውቃል። ግጥሙ አንድ ቃል አልተለወጠም፤ የሚዘፍነው ሰው ግን ሌላ ነው። ይህን ከአልበሙ ልታገኘው አትችልም፤ ያኔ አልነበረማ።

ለምን አያርፍም ላልከው፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የጨጓራ ቁስለት ይዞት የዚያን ዓመት ቀሪ ኮንሰርቶቹን ሁሉ ለሌላ ጊዜ አስተላልፎ ነበር። ከዳነ በኋላ እንደተናገረው፣ ሲዘፍን በጣም ያመው ስለነበር ከእንግዲህ አልዘፍንም ብሎ ፈርቷል። በሚቀጥለው ዓመት መድረክ ላይ ቆመ። እንዲህ ያለውን ሰው እኔ ዕረፍ አልለውም።

አንድ አባት፦ በ77ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ እህል በማከፋፈል ሠርተዋል። ያኔ ፈረንጆቹ ተሰብስበው ለእኛ የዘፈኑት ዘፈን ላይ ጉሮሮው የሻከረ አንድ ሰው እንደነበር ያስታውሳሉ። ያ ሰው ይሄ ነው ወይ?

አዎ አባቴ፣ እሱው ነው።

ዘፈኑ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ነው፤ የጻፉት ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ናቸው። ቀረጻውን ኩዊንሲ ጆንስ መራው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ማታ ተጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ተቀረጸ። ከ40 በላይ ዘፋኞች ነበሩ። ሬይ ቻርልስና ስቲቪ ወንደር ጭምር። ስፕሪንግስቲን የመጣው ከአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ዘፍኖ ገና መጨረሱ ነበር። ድምፁ ድሮም ሻካራ ነው፤ ያ ድካም ሳይጨምርበት አልቀረም። መጨረሻው ላይ ከስቲቪ ወንደር ጋር እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ ይሰማል።

መልእክትዎን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። እኛ ስለዚያ ዘፈን ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ስቱዲዮው ነው። እርስዎ ማዶ ነበሩ፣ እህሉ የሚደርስበት። ያዩትን እባክዎ ይጻፉልኝ። መጻፍ ከከበደዎት እኔ መጥቼ እቀርጻለሁ።

አንዲት ልጅ፦ ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከፖል ማካርትኒ ጋር ሲዘፍን በቪዲዮ አየሁ። መጨረሻው ላይ ድምፁ ጭጭ አለ። እዚያም መብራት ይጠፋል እንዴ?

መብራት አልጠፋም። ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ ነው፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2012። የተፈቀደላቸው ሰዓት ስላለፈ አዘጋጆቹ ማይኩን ዘጉት። የዚያው ወር መጨረሻ ላይ ሄልሲንኪ ሄዶ 4 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ዘፈነ፤ ያኔ 62 ዓመቱ ነበር።

ከግቢው ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት፦ በዚያ ሌሊት የልጅ ልጃቸው እንቅልፍ አጥቶ አደረ። ደስታችሁን አልጠላሁም፣ ግን ሰው አለ አትሉም ወይ?

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልክ ነዎት። ከእንግዲህ ማታ 1 ሰዓት ጀምረን 4 ሰዓት ላይ እናጠፋለን። ሞንታርቦውንም ወደ ሐይቁ እናዞረዋለን።

አንድ ወጣት፦ እዚሁ ከተማ በበዓል ዝግጅት ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ሞንታርቦ ሥር ቆሞ አመሸ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ጆሮው ይጮኻል። ቀኝ ጆሮው ጥጥ የተወተፈበት ይመስላል። አክስቱ ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት ዘይት ጨምርበት ብላዋለች።

ዘይቱን ተው። ይህን ስታነብ ተነስና ሂድ። ነገ አትበል።

ከጩኸት በኋላ ሁለቱም ጆሮ ትንሽ ቢጮኽ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል። ያንተ ግን ሦስት ቀን ሆኖታል፣ በዚያ ላይ አንዱ ጆሮህ ደፍኗል። ይህ የአንገት በላይ ሐኪም ማየት ያለበት ነገር ነው። ድንገት የመጣ የመስማት ችግር መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ጤና ጣቢያ ሄደህ ጠብታ ሰጥተው ቢሸኙህ፣ አንድ ጆሮዬ በድንገት ደፍኗል ብለህ በግልጽ ተናገርና ሪፈር አስጽፍ። እንዳታፍር።

ለሌሎቻችሁም ልናገር፣ ይህ ጉዳይ ያንገበግበኛል። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ 15 ሺህ ያህል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ስንወለድ ይዘናቸው የመጣን ናቸው። ከሞቱ አይተኩም። የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል ይለካል፤ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይቻላል ይባላል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የቀረህ 15 ደቂቃ ነው። ሞንታርቦ ሥር ከዚያም ያልፋል። አራት ሰዓት እዚያ ቆሞ ማምሸት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ኤሲ ዲሲ የተባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝ ብራያን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዞውን መሃል ላይ አቋርጧል። ሐኪሞቹ ካላቆምክ ጨርሶ ትደነቁራለህ ስላሉት ነው። ዕድሜ ልኩን ሮክ የዘፈነ ሰው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ራቅ በሉ። ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱን እጥፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ከ2 ሜትር ወደ 8 ሜትር ብትሸሹ 12 ቀነሳችሁ ማለት ነው። ዘፋኙ ከዚያም ይታያል። ለስላሳው የጆሮ መሰኪያ ከተገኘ ግዙ፤ ጥጥና ሶፍት አያድኑም። ልጅ ትከሻችሁ ላይ ካለ ጭራሽ ወደ ኋላ ሂዱ።

ወንድሜ፣ ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።

አዝማሪ ቤት አዘውታሪ ነኝ የሚል አንባቢ፦ የእኛዎቹ ማሲንቆ ይዘው ባዶ ቤት እየተቀመጡ፣ እናንተ አንሶላ ሰቅላችሁ ለፈረንጅ ሽማግሌ ማበዳችሁ አያሳፍርም?

ከሁሉም የነካኝ ይሄ ነው።

እኔ ሙዚቃ መስማት የተማርኩት አዝማሪ ቤት ነው። አጎቴ ይዞኝ ይገባ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ ጥግ ላይ ለስላሳ ይዤ እቀመጣለሁ። አንዱ እንግዳ ከመቀመጫው ተነስቶ «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጣል። አዝማሪው ይቀበለውና ወዲያው በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የሚነካ ከሆነ ያኛውም ይነሳል። ዘፈኑ በእንግዳውና በአዝማሪው መሃል ይሠራል። ነገ ማታ ያ ዘፈን የለም። ሌላ ሰው ይመጣል፣ ሌላ ዘፈን ይሆናል።

የስፕሪንግስቲንን ኮንሰርት መጀመሪያ ሳየው የጮኽኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሕዝቡ የሚፈልገውን ዘፈን ስም ካርቶን ላይ ጽፎ ያነሳል። እሱ ወደ ሕዝቡ ወርዶ ካርቶኖቹን ይሰበስባል። አንዱን መርጦ ለባንዱ ያሳያል። አንዳንዴ የራሳቸው ዘፈን እንኳን አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው። ባንዱ ትንሽ ይመካከራል። ከዚያ ድራሙ ይመታል። ለእኔ ይህ «ተቀበል» ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው ፊት፣ በጊታር፣ ግን ያው «ተቀበል»። እሱን የወደድኩት የእኛን ረስቼ አይደለም። አጎቴ ያሳየኝን ነገር እዚያም ስላየሁት ነው።

ባዶ ቤት ስላልከው ግን ልክ ነህ፣ እኔንም ያመኛል። የእኛ ሰው አንጋፋውን የሚያስታውሰው ሲሰናበት ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ዕድሜው ሰማንያ አልፎ ነበር። መርካቶ ጫማ ጠርጎ፣ በክብር ዘበኛ ባንድ ዘፍኖ፣ ዓለምን ዞሮ የመጣ ሰው ነው። ከዚህ ከባሕር ዳር በአውቶብስ የሄዱ ጓደኞች አሉኝ። ሲመለሱ ድምፃቸው ዘግቶ ነበር። እኔ ሥራ አለኝ ብዬ ቀረሁ። ዛሬም ይቆጨኛል። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍም ሕዝቡ ለቀብሩ ጎርፎ ወጣ። ከዚያ ሕዝብ መሃል በሕይወት ሳለ መድረክ ላይ ያየው ስንቱ ነበር?

ስለዚህ አንድ ነገር እንስማማ። አንተ የምታዘወትርበትን ቤት ንገረኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንሶላ የሰቀልነው ልጆች ሁላችንም እንመጣለን። አሥራ አንድ ነን። ግጥም ይዘን እንመጣለን፣ ለአዝማሪውም ደህና አድርገን እንሸልማለን። አንተ ደግሞ በሚቀጥለው የፕሮጀክተር ማታ እኛ ጋ ትመጣለህ።

አንድ የሆቴል ዘፋኝ፦ እንደ እሱ ሻካራ ድምፅ እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። ሲጋራ ይረዳል ይባላል። አሁንም ከወር በላይ ጎርንኛለሁ።

አይረዳም፣ አታጭስ። ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነንን ሐኪም ይየው።

አንዲት እህት፦ ወንድሟ በርሊን ይኖራል። ኮንሰርቱ ውስጥ ሆኖ ደወለላት። የሰማችው የሕዝብ ጩኸት ብቻ ነው፤ ግን ግማሽ ሰዓት ስልኩን አልዘጋችም። መሃል ላይ ወንድሟ ሲያለቅስ ሰማች። ሳክስፎን ነው ብቻ አላት። ምን ማለቱ ነው?

የኔ እህት፣ ሳክስፎኑ ታሪክ አለው። በባንዱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳክስፎን የተጫወተው ክላረንስ ክሌመንስ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፣ የስፕሪንግስቲን የልብ ጓደኛ። እ.ኤ.አ. በ2011 አረፈ። አሁን በእሱ ቦታ የሚጫወተው የወንድሙ ልጅ ጄክ ነው። ስለ ክላረንስ የሚያነሳ አንድ ስንኝ አለ። እዚያ ሲደርሱ ባንዱ ዝም ይላል፤ ትልቁ ስክሪን ላይ የሟቹ ፎቶ ይመጣል። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ይጮኻል። ጭብጨባው ቶሎ አያልቅም። ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል። ምናልባት ወንድምሽ የደወለልሽ እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ በርሊን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1988 ከተማዋ በግንብ ተከፍላ ሳለ ስፕሪንግስቲን በምሥራቁ በኩል ዘፍኗል። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወጣ። አንድ ቀን መሰናክሎች ሁሉ እንደሚፈርሱ ተስፋ አደርጋለሁ ብሎ በጀርመንኛ ተናገረ። በሚቀጥለው ዓመት ግንቡ ፈረሰ። ወንድምሽ አጠገብ ከቆሙት ሽማግሌዎች መሃል ያን ማታ የነበረ አይጠፋም።

ደውይለትና ማን አጠገቡ እንደነበረ ጠይቂው። ስልኩን ያልዘጋሽው ደግሞ ደግ አድርገሻል።

የመጨረሻው፦ እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ግን ያን ማታ ከአጥር ውጭ ቆማ ስትሰማ አየኋት። ይዣት ብመጣስ?

ይዘሃት ና። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ መደገፊያ ያለው ወንበር አምጣላት። ጋቢም ያዙ፣ የሐይቁ ነፋስ ከ3 ሰዓት በኋላ ይበርዳል፣ ትንኙም አይጣል ነው። ከፊት እንዳታስቀምጣት፤ ከማንጎው ሥር ቦታ እይዝላታለሁ።