ኩላንቱ የት ገባ? ቀይ መብራት ለበራባት እህት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ቪትዝሽ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችልን በትራፊክ ሰዓት ስትወጪ ቀይዋ የሙቀት መብራት ትበራለች፣ ሜዳ ላይ ስትደርሺ ትጠፋለች። ሪዘርቫየሩ፣ ማለትም ሞተር የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ (ኩላንት) የሚጠራቀምበት ፕላስቲክ፣ ባዶ ነው። አንዱ መካኒክ «ውሃ ሞልተሽ ንጂ» አለሽ፣ ሌላው «ቴስታታው ይውረድ» አለሽ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ይፈታ ማለቱ ነው። እኔ ሁለቱም ቸኩለዋል ባይ ነኝ። ኩላንት እንደ ቤንዚን አያልቅም፤ ዝግ ነገር ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል። ያንን ቦታ ሳታገኚ ለማንም ገንዘብ አትክፈዪ።

መጀመሪያ ግን መንገድ ላይ መብራቷ ስትበራ። ወዲያው ኤሲ አጥፊ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻ አሙቂና ማራገቢያውን ክፈቺ። ይሞቅሻል፣ ግን ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል። ቀኝሽን ይዘሽ ቁሚ። እንፋሎት ካየሽ ወይም መብራቷ ቶሎ ካልጠፋች ሞተሩን አጥፊ። «ማዘጋጃ ቤት ጋ ልድረስ» ብለሽ አትግፊ፤ አሉሚኒየሙ ቴስታታ የሚጣመመው፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑም የሚቃጠለው እንደዚያ ሲገፋ ነው። ከቀይዋ ጋር የባትሪ መብራትም ከበራ ቺንጋው (ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞና ኩላንቱን የሚገፋውን የውሃ ፖምፓ የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ስለሆነ ያኔ አንድ ደቂቃም መንዳት የለም።

ከዚያ በሃይላንድ ውሃ ይዞ የሚሮጥልሽ ደግ ሰው አይጠፋም። አመስግኚውና ክዳኑን እንዳይነካ ከልክዪው። የሞቀ ራዲያተር ሲከፈት የሚፈነዳው ፈሳሽ ፊት ይልጣል፣ በጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጅሽ ይዘሽ መጭመቅ ስትችዪ ብቻ በጨርቅ ቀስ ብለሽ ክፈቺ።

እንዲሁም ይህን ልብ በዪ፤ ያቺ መብራት የምትነግርሽ ሙቀቱን ነው፣ የኩላንቱን መጠን አይደለም። ብዙ ቪትዞች መጠን የሚያሳይ መብራት የላቸውም። ኩላንቱ በጣም ከጎደለ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀርና ሞተሩ እየነደደ መብራቷ ላትበራ ትችላለች። ሂተሩ ድንገት ቀዝቃዛ አየር ቢያመጣ ያ ራሱ ምልክት ነው፣ ቁሚ።

አሁን ወደ ምርመራው። ነገ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። የሪዘርቫየሩን አላልኩም፣ የራዲያተሩን። ሪዘርቫየሩ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ የጎደለ መኪና ብዙ አይቻለሁ፤ ክዳኑ ሲበላሽ የወጣው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ አይመለስም። ክዳኑን ገልብጪና ላስቲኩን በጥፍርሽ ነካ አድርጊው። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ዳሩ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ከያዘ መጀመሪያ እሱን ቀይሪ። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር አለ፤ ከሶማሌ ተራ ስትገዢ ያንኑ ቁጥር ጠይቂ።

ስለዚህ ክዳን ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ከተማ ላይ ከሌላው በላይ ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ እዚህ ከአዳማ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውም ለዚህ ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘና ውስጡ ያለው የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለሽ 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ጤነኛ ክዳን ግን የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። «እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?» የሚሉም ይሳሳታሉ። ኩላንት መፍላትን ያዘገያል፣ ዝገትም ይከላከላል። ለዓመታት ውሃ ብቻ የተሞላ ራዲያተር ውስጡ እንደ ጀበና ቅሪት ይደፈናል።

ሌላው ፋኑ ነው። ዳገት ላይ በዝግታ ስትሄጂ ነፋስ ስለማይገባ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ መብራቷ የምትጠፋው ለዚህ ሊሆን ይችላል። መኪናውን አስነስተሽ ኤሲ ክፈቺ፣ ፋኑ መዞር አለበት። በኤሲ ዞሮ በሙቀት ካልዞረ ጥርጣሬው ሴንሰሩ ወይም ሪሌው (የፋኑ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ላይ ነው። በሁለቱም ካልዞረ ፊውዙን እዪ፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር። የራዲያተሩ ፊት በአቧራና በላባ ተደፍኖም ሊሆን ይችላል። ላቫጆ ላይ ግን በከፍተኛ ግፊት እንዳይመቱት ንገሪያቸው፤ ክንፎቹ ይተኛሉ። በተቃራኒው በረጅም መንገድ በፍጥነት ስትነጂ የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ ራዲያተሩ ውስጡ መደፈኑን ወይም ፖምፓውን እጠረጥር ነበር።

ፍሳሹን ለማግኘት ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፈሽ እደሪ። ፖምፓው አካባቢ ወይም የጎማ ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ የደረቀ ሮዝ ወይም ነጭ ዱካ ፈልጊ። የጎን ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበና ጣፋጭ ሽታ ካለው የሂተሩ ራዲያተር ነው።

ቴስታታ ይውረድ ከመባሉ በፊት ማስረጃ ጠይቂ። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሲነሳ የማያባራ አረፋ። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ኩላንቱ መግባቱን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ የፈሳሽ ምርመራም አለ፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል። ይህን ሳያደርጉ ቴስታታ የሚያወርድ ጋራዥ እኔ አልገባም። «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» ካሉሽም እሺ አትበዪ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ አንዳንድ ሞተር ላይ እንዲያውም ውሃው ራዲያተሩን ሳያልፍ ስለሚዞር ሙቀቱ አይቀንስም።

ስትሞዪ የፊቱን ጎማ ዳገት ላይ አድርጊና ሂተሩን ክፈቺ፤ አየሩ በክዳኑ በኩል ይወጣል። ያልተቀላቀለ ኩላንት ከገዛሽ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር አዋህጂው። የባትሪ ውሃ የሚባለው ይሆናል፣ አሲዱ እንዳይሰጥሽ ብቻ ተጠንቀቂ። ተቀላቅሎ የተዘጋጀውን ግን አታቅጥኚው። ቀለሙን አይተሽ ብቻም ሁለት ዓይነት ኩላንት አትቀላቅዪ። እባክሽ፣ የተረፈውን በሃይላንድ ውስጥ ቤት አታስቀምጪ። ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፤ ልጅ አንድ ጊዜ ቢጎነጭ ይበቃል። ግቢ ውስጥ የፈሰሰውንም ውሻ ሳይልሰው እጠቢው።

ክዳኑንና ካርቶኑን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አይተን እንነግርሻለን። እስከዚያ ቸርችልን ተዪው።