እህትማማቾቹ አንድ ሰው ይመስላሉ ላሉት ጠያቂ

በልብ ወለድዎ ሁለቱ እህትማማቾች ምዕራፍ እየተፈራረቁ እንደሚተርኩ፣ አንባቢዎችዎ ግን የትኛዋ እየተናገረች እንደሆነ እንደሚጠፋቸው ጽፈዋል። አንደኛዋን በወሎ፣ ሌላዋን በአዲስ አበባ አነጋገር ለማስተረክ ያሰቡትን ይተዉት፤ ደሴ ላይ ከአንድ ማዕድ የበሉ ልጆች ሁለቱም የወሎውን «አብሽር» ነው የሚሉት።

1. ከሁሉ አስቀድመው የወላጆችን አጠራር ይወስኑ። የእኔ ልብ ወለድ ተራኪዎች ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቁ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይነግዳል፣ ታናሹ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቷል። ታላቁ «አባባ መጡ። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ሒሳብ ጠየቁ» ሲል፣ ታናሹ «አባባ መጥቶ፣ ጋቢውን እንደለበሰ ቁጭ ብሎ፣ ቡናው አልደረሰም እንዴ ብሎ እኔን ያየኛል» ይላል። አማርኛችን ክብርና ቅርበትን በግሡ ላይ ስለሚያሳይ ተራኪው ስሙን መናገር አያስፈልገውም።

2. የዐረፍተ ነገሩንም አካሄድ ከዚሁ ይመልከቱ፤ ታላቁ እንደ «መጡ» ባለ ማሰሪያ አንቀጽ ቶሎ ይዘጋል፣ ታናሹ እንደ «መጥቶ» ባለ ቦዝ አንቀጽ እያያያዘ ይነጉዳል።

3. ከአርታኢዎ ይጠንቀቁ። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። የምዕራፍ ርእሶቹን ሸፍኜ ረቂቁን ያስነበብኳቸው የሰፈሬ ሰዎች ተናጋሪውን ለመለየት ከሁለት መስመር በላይ አልፈጀባቸውም ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ግን በእኔ ገንዘብ ያሠራው አራሚ የታናሹን «መጥቶ» ሁሉ «መጥተው» አደረገው፤ ረጃጅሞቹንም ዐረፍተ ነገሮች ቆራረጣቸው። ልጠይቅ ስሄድ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ አንድ አባት አንዴ አንቱ አንዴ አንተ ሊባል አይችልም፣ ይህ የጸሐፊው ዝርክርክነት ነው አለኝ። እኛ ቤት ታላቁ አባቱን አንቱ እያለ በር ላይ ሲቆም ታናሹ አንተ እያለ ጭኑ ላይ እንደሚወጣ ላስረዳው ብሞክርም፣ ሥራው አስቀድሞ ማተሚያ ቤት ገብቶ ኖሯል። ሁለት ወንድማማቾች ጽፌ አንድ ሰው ታተመልኝ!

ስለዚህ ረቂቁን ሲያስረክቡ የትኛዋ እህት ማንን ምን ብላ እንደምትጠራ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ያያይዙ፤ የአክብሮት ግሦች ያለ ፈቃድዎ እንዳይነኩም ውሉ ላይ ያስጽፉ። የመጨረሻው የእርማት ቅጂ ሲመጣልዎ ከመጀመሪያው ገጽ አይጀምሩ፤ ታናሽየዋ ስለ አባቷ ወደምታወራበት ምዕራፍ በቀጥታ ይሂዱ፣ «መጡ» የሚል ካገኙ ሳይፈርሙ ይመልሱት።