ከሁለቱም ወገን ድምፅ ያገኛል ስለሚባል ዕጩ፦ ለወጣት መራጮችና ጸሐፊዎች

ልጆቼ፣

በአሜሪካ አራት ዓመት በመጣ ቁጥር «ይኼንንስ ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም ይወደዋል» የሚባልለት ሰው አይጠፋም። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ኮሎራዶ ኦሮራ ሆናችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ለምትሰጡም፣ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ስለዚያ አገር ምርጫ ለምትጽፉም፣ ይህን ወሬ መመዘኛው አንድ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ሰውዬው ምን ያህል እንደሚወደድ ከመጠየቃችሁ በፊት የሚወዱት ሰዎች መቼና የት ሊመርጡት እንደሚችሉ ጠይቁ። ዋናው ምርጫ የሚካሄድበት ኖቬምበር ሳይደርስ የገዛ ፓርቲው ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት ምርጫ፣ አለበት፤ የዚያ ሕግ ደግሞ እንደየስቴቱ ይለያያል። በ2000 የሪፐብሊካን ዕጩ ለመሆን ከጆርጅ ቡሽ ጋር የተፎካከረውን ጆን ማኬይንን ተመልከቱ። በኒው ሃምፕሻየር በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገበ ሰው የፈለገውን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት መውሰድ ይችላል፤ ማኬይን እዚያ ቡሽን በ18 ነጥብ ገደማ በለጠው። ፌብሩዋሪ 22 ሚሺጋንንም ወሰደ። ነገር ግን በዚያ ቀን ከመረጡት ግማሽ ያህሉ ራሳቸውን ሪፐብሊካን የማይሉ ነበሩ፤ ከሪፐብሊካኖቹ መካከል ቡሽ የማኬይንን እጥፍ በላይ አግኝቷል። ማርች 7 ላይ ጉዱ ፈላ። ካሊፎርኒያ ማንም ለማንም እንዲመርጥ ፈቅዳ፣ በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን ለሚመርጡት ልዑካን ድልድል ግን የቆጠረችው የተመዘገቡ ሪፐብሊካኖችን ድምፅ ብቻ ነበር። ኒው ዮርክ ጭራሹን ለሌላው ዝግ ነበረች። ማኬይን ሁለቱንም አጣ፤ በሁለተኛው ቀን ዘመቻውን አቆመ። ተወዳጅነቱ እውነተኛ ነበር፤ የወደዱት ሰዎች ድምፅ ግን በሚያስፈልግበት ቦታ አልተቆጠረም።

እንግዲያው ከፓርቲ ውጪ ቢወዳደርስ? ባለሀብቱ ሮስ ፔሮ በ1992 ሞክሮታል። 18.9 ከመቶ፣ ማለትም ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አገኘ። በየስቴቱ ተደልድለው ፕሬዚዳንቱን ከሚወስኑት 538 የኤሌክቶራል ድምፆች ያገኘው ግን ዜሮ ነው። ከሜይንና ከኔብራስካ በቀር ስቴቶቹ ያላቸውን በሙሉ ለአንደኛው ስለሚሰጡ፣ አገሩን ሁሉ ያዳረሰ ድምፅ የትም አንደኛ ካላደረገ ዋጋ የለውም።

«መሃል ላይ የቆመ ሰው ነው ከሁለቱም ወገን የሚያገኘው» የሚለውንም አትመኑ። ሪፐብሊካኑ ሮናልድ ሬገን መሃል ላይ የቆመ ሰው አልነበረም፤ በ1984 ግን 49 ስቴቶችን ሲያሸንፍ ከአራት ዴሞክራቶች አንዱ ገደማ መርጦታል። ከዲትሮይት በስተሰሜን ያለው የማኮም ካውንቲ፣ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞችና የሠራተኛ ማኅበር አባላት የሞሉበት፣ በ1960 ለዴሞክራቱ ኬኔዲ 63 ከመቶ የሰጠ ነበር፤ በ1984 ለሬገን 66 ከመቶ ሰጠ። በ1985 ስታንሊ ግሪንበርግ የተባለው የዴሞክራቶች የሕዝብ አስተያየት አጥኚ እነዚህን መራጮች እየሰበሰበ አነጋገራቸው። ፓርቲያቸው እንደረሳቸው የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ፤ ለጥቁሮች የነበራቸው ምሬትም በንግግራቸው ጎልቶ ወጣ። ፓርቲ መሻገር ሁልጊዜ የመቻቻል ምልክት ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን አላነበበም። በ1952 የቴክሳሱ አገረ ገዥ አላን ሺቨርስ ዴሞክራት ሆኖ ሳለ ለሪፐብሊካኑ አይዘንሃወር የዘመተው የባሕር ዳርቻው ነዳጅ የስቴቱ ነው ወይስ የፌዴራሉ መንግሥት በሚለው ጉዳይ ነበር። ስለዚህ «የትኛው ቡድን፣ በየትኛው ጉዳይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ወሬው ገና ወሬ ነው።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ከስቴቱ የምርጫ ጽሕፈት ቤት የአንድ ካውንቲ ውጤት አውጡ፤ የፕሬዚዳንታዊ ዕጩውን ድምፅ በዚያው ወረቀት ላይ ካለው የፓርቲው የሴኔት ዕጩ ድምፅ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ሰውዬው ከፓርቲው በላይ የሳበውን ድምፅ በግምት ያሳያል። በ2020 ሜይንን ጆ ባይደን በ9 ነጥብ ገደማ ሲወስድ፣ ሪፐብሊካኗ ሱዛን ኮሊንስ እዚያው ከ8 ነጥብ በላይ በልጣ ለሴኔት ተመርጣለች። በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትና ለሴኔት የተለያየ ፓርቲ የመረጠ ሌላ ስቴት አልነበረም። በ1984 ከ435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ወረዳዎች 190ው ለፕሬዚዳንትና ለተወካይ የተለያየ ፓርቲ መርጠው ነበር፤ በ2020 የቀሩት 16 ናቸው። የዛሬ ዕጩን ከሬገን ጋር የሚያወዳድር ጽሑፍ ይህን ካላነሳ ይለፋችሁ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ የሚጠየቁት መጠይቅ ነው። እዚያ ፓርቲህ ማነው ሲባል መላሹ ራሱ ነው የሚናገረው። ፓርቲውን ከልቡ የተወ ሰው «ዴሞክራት ነኝ» ማለቱንም ስለሚተው ከተሻገሩት ዝርዝር ይወጣል፤ የሚሻገረውም ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። «ነፃ ነኝ» ከሚሉትም አብዛኞቹ ሁልጊዜ ወደ አንዱ ያዘነበሉ ናቸው፤ ሁሉንም እንደ ዋጋ ያልተቆረጠለት ዕቃ አትቁጠሯቸው።

እናንተ ራሳችሁ የሌላውን ፓርቲ ዕጩ በቅድመ ምርጫ መደገፍ ብትፈልጉ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የፓርቲ ምዝገባ ስለሌለ በዕለቱ የፈለጋችሁትን አንዱን ወረቀት ትወስዳላችሁ። ሜሪላንድ ግን ዝግ ነች፣ በአንድ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው፤ የፓርቲ ለውጡን ከቀኑ ሳምንታት አስቀድማችሁ መጨረስ አለባችሁ። ኮሎራዶ ያላችሁና በፓርቲ ያልተመዘገባችሁ የሁለቱም ፓርቲ ወረቀት በፖስታ ይደርሳችኋል፤ አንዱን ብቻ ሞልታችሁ መልሱ። ሁለቱንም ሞልታችሁ ከላካችሁ አንዱም አይቆጠርም።